አባቴ ከፍለውባት ታንማይ የሚነዳት ነጭ መኪና

ቀን፦ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2024

ለሞራዳባድ አውራጃ የጥሎሽ መከላከል ጉዳዮች ኃላፊ
ሞራዳባድ

አመልካች፦ ኩሙድ ቫርሽኔይ፣ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት፣ ነዋሪነቷ ሞራዳባድ
አቤቱታ የቀረበባቸው፦ አቶ ብሪጅ ኪሾር ጉፕታ እና ልጃቸው ኢንጂነር ታንማይ ጉፕታ፣ ነዋሪነታቸው ባሬሊ

ጉዳዩ፦ ለሠርጌ ከእኛ ከሴቷ ወገን በጥሎሽ ስም የተወሰደች አነስተኛ ኤስዩቪ መኪና እንድትያዝ፣ አባቴ በሰጪነት እንዳይከሰሱ፣ እንዲሁም ማርች 3 ቀን ሊፈጸም የታሰበ ሌላ ጋብቻ እንዲጣራ ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

የሥራዎን ብዛት ስለማውቅ ይህን ማመልከቻ በአንድ ገጽ ልጨርሰው አስቤ ነበር። ሆኖም ከዚህ በፊት አንድ ገጽ ጽፌ በአካባቢያችን ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ወስጄ ነበርና የተቀበሉኝ ባልደረባ ቆመው አንብበው፣ እንደቆሙ መለሱልኝ። ስለዚህ ይህኛው ረዘም ይላል። ተቀምጠው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. እኔ አመልካች የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ስሆን ለወላጆቼ አንድ ልጅ ነኝ። አባቴ አቶ ዲንዳያል ቫርሽኔይ በነሐስ ዕቃ ገበያው ውስጥ ከአያቴ የወረሱት ሱቅ አላቸው። ትሪ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የጸሎት መብራትና ደወል ይሸጣሉ። ሱቁ ፊቱን ለዋናው መንገድ የሰጠ ነበር። "ነበር" ያልኩበትን ምክንያት በተራ ቁጥር 6 እገልጻለሁ።

2. ባለፈው ኤፕሪል አቶ ብሪጅ ኪሾር፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሻርዳ እና ልጃቸው ታንማይ ለጋብቻ ሊያዩኝ ከባሬሊ ወደ ቤታችን መጡ። ታንማይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነው። አለባበሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነው፤ ሻዩን ሲጠጣ ድምፅ አያሰማም። እናቴ ይህን የመጨረሻውን በጣም ወደደችለት።

ሳሞሳው ተበልቶ ሻይ ሲቀርብ አባቴ እንደ ደንቡ እጃቸውን አጋጥመው "ከእኛ የምትፈልጉት ነገር ካለ ሳታፍሩ ንገሩን" አሉ። አቶ ብሪጅ ኪሾር ኃጢአት እንደሰማ ሰው ሁለት ጆሯቸውን ያዙ።

"ራም ራም! ምን በወጣን! እኛ የምንፈልገው ልጅቷን ብቻ ነው። በለበሰችው ልብስ ትምጣልን።"

ከዚያ ሻያቸውን ፉት አሉና ቀጠሉ። "ብቻ ልጆቹ በዚህ ፀሐይ በሞተር ብስክሌት ሲንከራተቱ ማየት... የእርስዎም ልጅ ናት እኮ።"

መኪና የሚለው ቃል በዚያን ቀን ከማንም አፍ አልወጣም። ሸኝተናቸው ስንመለስ ግን አባቴ በሩን እየዘጉ "እንግዲህ መኪና ነው" አሉ። እናቴም "ይሻላል፤ ጥሬ ገንዘብ ከሚሉን" አለች። የእኔ አስተያየት አልተጠየቀም፤ እኔም አልሰጠሁም። ልጁን ወድጄው ነበር።

3. አባቴ መጀመሪያ ያሰቡት በሠርግ ሰሞን ብዙ ሰው የሚሰጣትን ትንሿን የቤት መኪና ነበር። ይህ በአማላጅ በኩል ባሬሊ ሲደርስ ታንማይ ራሱ ደወለልኝ።

"ኩሙድ፣ ትንሿ እኮ በኛ መንገድ ላይ ሆዷ ይፋቃል። ዝናብ ሲመጣ ሰፈራችን ውሃ ነው የሚሆነው። ትንሽ ከፍ ያለች ብትሆን አይሻልም?"

ልክ ነበር፤ የባሬሊን መንገድ አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለታችን መኪና መምረጥ ጀመርን። ክቡር ሆይ፣ ይህ ለአቤቱታዬ ፍሬ ነገር አስፈላጊ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን እውነቱን እንድጽፍ ስለሚጠበቅብኝ እጽፈዋለሁ፦ ደስ ብሎኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ይደውላል። የትኛዋ ስንት ኤርባግ እንዳላት፣ የትኛዋ በግጭት ሙከራ ጥሩ እንደወጣች፣ የትኛዋ ቤንዚን እንደምትቆጥብ፣ የየትኛዋ ጋራዥ ለባሬሊ እንደሚቀርብ እንከራከር ነበር።

"አንቺ የፊዚክስ አስተማሪ ነሽ ወይስ መካኒክ?" ይለኛል።

"ፍሬን ፊዚክስ ነው" እለዋለሁ።

እሱ ጣሪያዋ የሚከፈት ይፈልግ ነበር። "ባሬሊ ላይ ጣሪያ ከፍተህ ምን ልታስገባ ነው፣ አቧራ?" ስለው ረጅም ሳቅ ሳቀ። በመጨረሻ ተስማማን፦ ቤንዚን፣ በእጅ ማርሽ፣ መካከለኛው ሞዴል፣ ቀለሟ ነጭ። የመንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ የነዳሁት ግን የአጎቴን አሮጌ መኪና ብቻ ነበር። ከደመወዜ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ስለነበረኝ ለአባቴ "ግማሹን እኔ እከፍላለሁ፤ የምነዳትም እኔ ነኝ" አልኳቸው። አባቴ ራሴን ዳበስ አድርገው "ሴት ልጅ የራሷን ሠርግ አትከፍልም" አሉኝ።

4. በጁላይ ወር ሁለቱ ቤተሰቦች በከተማችን ወዳለ አንድ የመኪና መሸጫ አብረን ሄድን። ወይዘሮ ሻርዳ ሙቀቱን ስላልቻሉት ቀዝቃዛ መጠጥ ይዘው ውስጥ ቀሩ። እኛ ለሙከራ ወጣን። ታንማይ መሪውን ያዘ፣ አቶ ብሪጅ ኪሾር ከጎኑ ገቡ። ከኋላ እኔና እዚህ በሌላ ስም ሩክሳር የምላት የመሸጫው ሠራተኛ በመስኮት በመስኮቱ ስንቀመጥ አባቴ በመሐላችን ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ከፋዩ እሳቸው መሆናቸውን የሚያይ ሰው አይገምትም ነበር።

ሁለት ዙር እንደዞርን "እኔም ልሞክራት?" አልኩ።

አቶ ብሪጅ ኪሾር ዞር ሳይሉ "አንቺ ምን ቸገረሽ ልጄ፤ ሹፌር አለሽ እኮ!" አሉ። ታንማይ ሳቀ። አባቴም ሳቁ። የአባቴ ሳቅ እስካሁን አልወጣልኝም።

ስንመለስ ውሃ ልጠጣ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ሩክሳር ተከትላኝ መጣች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እህቴ፣ ሊብሬው በስምሽ ነው የሚወጣው?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"እወቂ እንጂ። በሠርግ ሰሞን እዚህ የሚመጡ አባቶችን አይቻለሁ። መኪና ገዝተው በኪራይ ባለሦስት ጎማ ሪክሾ ነው የሚመለሱት።"

ይህን የነገረችኝ ሥራዋን ልታጣ እንደምትችል እያወቀች ነው። ስለዚህ የመሸጫውን ስም እዚህ አልጠቅስም፤ ቢሮዎ ከፈለገ በቃል እናገራለሁ።

5. ዋጋው። ክቡር ሆይ፣ አባቴ ከውጭ አገር ነጋዴዎች ጋር በአንድ የነሐስ ደወል ዋጋ ግማሽ ቀን ሲከራከሩ ያደጉ ሰው ናቸው። ሩክሳር ወረቀቱን ስትዘረጋላቸው መነጽራቸውን አደረጉ። የመኪናዋ የፋብሪካ ዋጋ አንድ ሚሊዮን ሩፒ ገደማ ነበር፤ ከሥሩ ግን ሌላው ይከተላል፦ ምዝገባ፣ ኢንሹራንስ፣ ተጨማሪ ዋስትና፣ ፎደራ፣ ምንጣፍ፣ የማስተናገጃ።

"ልጄ፣ ይሄ የማስተናገጃ የሚለው ምንድን ነው?"

"አባቴ፣ መኪናዋን ከመጋዘን እዚህ ድረስ ማምጫ ነው።"

"ታዲያ ካላመጣችኋት እንዴት ልትሸጧት ነበር?"

ሩክሳር ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፤ ሥራ አስኪያጁን ጠርታ ያንን ክፍያ አስነሳችላቸው። ምንጣፉንም በነፃ አገኙ። አባቴን በዚያች ሰዓት ላየ ሰው ዕድሜያቸው በአሥር ዓመት የቀነሰ ይመስለው ነበር። ወዲያው አቶ ብሪጅ ኪሾር ከወንበራቸው ሳይነሡ ተናገሩ።

"አቶ ዲንዳያል፣ ለልጅ ነገር ነው እንዲህ የሚከራከሩት?"

አባቴ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ በኋላ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። አቶ ብሪጅ ኪሾር ወደ ሩክሳር ዞረው "ከያዝን አይቀር የላይኛውን ሞዴል አድርጊው። አውቶማቲኩን፣ ጣሪያው የሚከፈተውን" አሉ። ልዩነቱ አራት መቶ ሺህ ሩፒ ነው።

እኔ "እኔና ታንማይ መካከለኛው ይበቃናል ብለን ጨርሰናል" አልኩ። ሁሉም ታንማይን አዩት። ታንማይ የመኪናዋን ጎማ አየ።

"አባዬ እንዳሉት ይሁን" አለ።

አባቴ ብዕር ጠየቁ።

6. በሴፕቴምበር ወር አባቴ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ረስተው ስለወጡ ላደርስላቸው ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሱቁን አጣሁት። በቦታው የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ሱቅ ቆሟል። ባለቤቱ አውቆኝ "በጓሮ ነው እህት፤ በጠባቧ መንገድ ዙሪ" አለኝ። ዞርኩ። አባቴ ሲሚንቶው ገና ባልደረቀ፣ ሱቁን ለሁለት በከፈለ አዲስ የጡብ ግድግዳ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ደወሎቹ በትንሹ ቦታ ተጨናንቀው ተሰቅለው በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ራሴን ይመቱኝ ነበር።

"አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"በጣም ሰፊ ነበር" አሉ። "ለማጽዳትም አስቸጋሪ ነው።"

"ደንበኛ በየት ይገባል?"

"የሚያውቀኝ በጓሮ ይመጣል።"

መድኃኒቱን ሰጠኋቸው፤ ውሃም ቀዳሁላቸው። ከዋጡ በኋላ "ይህን ነገር እናቁም" አልኳቸው። "ቀብድ ከፍያለሁ። ቀብድ ደግሞ አይመለስም" አሉ፤ ቀጥለውም አንዱን ትሪ አንስተው መወልወል ጀመሩ። የግንባሩ ሱቅ የተሸጠበት ውል ከዚህ አቤቱታ ጋር ተያይዟል። የሽያጩ ገንዘብ ባንክ በገባ በሳምንቱ ወደ መኪና መሸጫው ሒሳብ መተላለፉን የሚያሳየው የባንክ ማስረጃም፣ የመሸጫው ስም ተሸፍኖ፣ አብሮ አለ።

7. መኪናዋን የተረከብነው ለዕቃ ግዢ መልካም ቀን ነው በሚባለው በዳንቴራስ ዕለት ነው። ቀይ ሪባን ታስሮላት፣ ኮፈኗ ላይ ቢጫ የአበባ ጉንጉን ተደርጎላት፣ በጎማዎቿ ሥር ከክፉ ዓይን እንዲጠብቃት ሎሚ ተቀምጦ ነበር። ለበረከት ኮኮናት ተሰበረ። መሸጫው ለፎቶግራፍ የሚያዘጋጀው ከካርቶን የተሠራ የሰው ቁመት ግማሽ የሚያህል ቁልፍ አለ፤ ያንን ለአባቴ ሰጧቸውና ለታንማይ እንዲያስረክቡ አደረጓቸው። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። ፎቶ አንሺው "አባት፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ እንጂ! ደስታ እኮ ነው!" አለ። አባቴ ፈገግ አሉ። ፎቶግራፉ ተያይዟል።

ሊብሬው በታንማይ ስም ወጥቶ ነበር። "በማን ስም?" ብዬ በጠየቅኩ ጊዜ ወይዘሮ ሻርዳ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገው "የባልሽ አይደለም እንዴ? ምን ልዩነት አለው?" አሉኝ።

እነሱ በመኪናዋ ወደ ባሬሊ ሄዱ። እኔና አባቴ ሪክሾ ያዝን። አባቴ መሸጫው የሰጣቸውን የጣፋጭ ካርቶን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ "ጥሩ መኪና ናት" አሉ። "ሞተሯ አይሰማም።"

8. ሠርጉ ዲሴምበር 7 ቀን ተቆርጦ ካርዱ ከታደለ በኋላ አቶ ብሪጅ ኪሾር ስልክ ደወሉ። አባቴ ጆሯቸው ስለደከመ ስልካቸውን ድምፁን ለቀው ነው የሚያናግሩት፤ ስለዚህ እኔና እናቴ ሁሉንም ሰምተናል።

"አቶ ዲንዳያል፣ አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። የወንድሜ ልጅ ባለፈው ሳምንት ሲያገባ ባለሰባት ወንበሩን መኪና ሰጡት። ዘመድ ሁሉ አየ። የኛዋ አጠገቡ ስትቆም አሻንጉሊት መሰለች፤ ሻርዳ በሐፍረት ምግብ አልበላም አለች።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አሉ አባቴ።

"መሸጫው እኮ መልሶ ይወስዳታል። ልዩነቱን ብቻ መጨመር ነው።"

"እሺ" አሉ አባቴ። "ላስብበት።"

ስልኩ እንደተዘጋ አባቴ የቀረውን የጓሮ ሱቅ ማን ሊገዛ እንደሚችል ከእናቴ ጋር መነጋገር ጀመሩ። ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ እኔ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ወጥቼ ለታንማይ ደወልኩ።

"ሰምተሃል አባትህ ያሉትን?"

"ኩሙድ፣ ጣልቃ አትግቢ። ትላልቆቹ ይጨርሱት።"

"አባቴ የሱቃቸውን ፊት ሸጠዋል። ታውቃለህ?"

 እንደሚያውቅ ከመልሱ ገባኝ።

"አባትሽ ራሳቸው ናቸው እሺ ያሉት" አለ። "ደግሞ መኪናዋ ላንቺም እኮ ናት።"

"እንግዲያው ሊብሬው በኔ ስም ይዙር።"

"እንዲህ ዓይነት ሴት ነሽ ማለት ነው?"

ክቡር ሆይ፣ አዎ፣ እንዲህ ዓይነት ሴት ነኝ። በስልክ የነገርኩትን እዚህም በጽሑፍ አረጋግጣለሁ። ሠርጉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ አይደሉም።

9. አባቴ ስነግራቸው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡና "ግድግዳው ተሠርቶ አልቋል ልጄ" አሉ። "አሁን ካልተዳርሽ ለምን ሸጥኩት?"

እናቴ "ከእንግዲህ ማን በራችንን ያንኳኳል?" እያለች አለቀሰች። ምግብ አቅራቢውና የማርሽ ባንዱ ቀብዳቸውን አልመለሱም። ትምህርት ቤት ውስጥ ጓደኞቼ እኔ ስገባ ወሬ ይቀይራሉ። ተማሪዎቼ ብቻ ናቸው እንደ ድሮው የቤት ሥራ ለምን በዛ ብለው የሚያጉረመርሙብኝ፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ።

10. በዲሴምበር መጨረሻ አባቴ ሁለት የማኅበረሰባችንን ሽማግሌዎች ይዘው መኪናዋን ለመጠየቅ በአውቶቡስ ባሬሊ ሄዱ። ሽማግሌዎቹ እንደነገሩኝ አቶ ብሪጅ ኪሾር የተቀበሏቸው የግቢው በር ላይ ነው፤ ግቡም ሆነ ተቀመጡ አላሏቸውም።

"ስጦታ ሲመለስ በየት አገር አይታችኋል? ሠርግ ያፈረሰችው የእናንተ ልጅ ናት። የልጄ ስም ጠፍቷል። መኪናዋ ለጠፋው ስሙ ካሳ ትሁን" አሉ።

አባቴ ከዚያ ሲመለሱ ስለ ተሰደቡት አልነገሩኝም። የነገሩኝ መኪናዋ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና መቆሟን ነው። "በደንብ ይዘዋታል" አሉኝ።

እኔም ማመልከቻ ጽፌ ወደ ፖሊስ ሄድኩ። ከላይ የጠቀስኳቸው ባልደረባ "እህት፣ ጥሎሽ የሰጠም የተቀበለም እኩል ወንጀለኛ ነው። አባትሽን እናስርልሽ?" አሉኝ። ይህን ሲሉ አልተቆጡም፤ እንዲያውም እየመከሩኝ ነበር። "ተርፈሻል፤ እሱን እያሰብሽ ተመስገን በይ" ብለው ወረቀቴን አጥፈው መለሱልኝ። አጠገባቸው ወንበር ላይ የነበሩት ባልደረባቸው ደግሞ "ደግሞስ መኪና ምን ጥሎሽ ነው፤ ዛሬ ለማን የማይሰጥ?" አሉ። ሁለቱ ንግግሮች እንዴት አብረው ሊቆሙ እንደሚችሉ እስካሁን አልገባኝም፦ መኪናዋ ጥሎሽ ካልሆነች አባቴ በምን ይታሰራሉ?

ነገሩን እዚያ ላይ ትቼው ነበር። ያላስተወኝ ቀጥሎ የምጽፈው ነው።

11. በዚህ ወር መጀመሪያ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

"እህቴ፣ አታውቂኝም። ፕራጊያ እባላለሁ፤ ከቻንዳውሲ ነው የምደውለው። ቁጥርሽን ሞራዳባድ ያለች አክስቴ ናት ያገኘችልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽና እዘጋለሁ።"

"ጠይቂኝ።"

"ነጯ መኪና የማን ናት?"

"አባቴ የከፈሉባት ናት" አልኳት።

ከዚያ ነገሩን ዘረዘረችልኝ። ከታንማይ ጋር ማርች 3 ቀን ልትጋባ ነው። ለቤተሰቧ የተነገራቸው ታንማይ መኪናዋን በደመወዙ እንደገዛት ነው። አቶ ብሪጅ ኪሾርም "ልጃችን ራሱን የቻለ ነው፤ የላይኛውን ሞዴል በራሱ ገንዘብ ገዝቷል። ከእናንተ የምንፈልገው ነገር የለም። ልጆቹ የሚገቡባት ቤት ብቻ..." ብለዋቸዋል። አባቷ ለታንማይ አፓርታማ ለመግዛት ከእርሻ መሬታቸው ላይ ሸጠዋል።

ክቡር ሆይ፣ ይህን አንድ ጊዜ እንዲያስቡልኝ እለምናለሁ። ልጁ መኪና ሳይኖረው ዋጋው መኪና ነበር። መኪና ሲኖረው ዋጋው ቤት ሆነ። አባቴ ሱቃቸውን ከፍለው ያደረጉት ነገር ቢኖር በማያውቁት በሌላ አባት ላይ ዋጋ መጨመር ነው።

"ለአባትሽ ነግረሻቸዋል?" አልኳት።

"ሰምተዋል። 'ሠርጓ የፈረሰባት ሴት ሌላ ምን ትበል?' አሉኝ።"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"ካርዱ እኮ ተበትኗል፣ እህቴ።"

ልትዘጋ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን "መኪናዋን ነድተሻት ታውቂያለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አላውቅም።"

"እኔም ከኋላ ነው ያስቀመጡኝ" አለችና ዘጋች። መልሼ ስደውል ስልኩን ያነሣው ወንድ ነበር፤ ድጋሚ እንዳልደውል አስጠነቀቀኝ።

12. ስለሆነም ከክቡር ቢሮዎ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ/ መኪናዋ ከታንማይ ጉፕታ እጅ ተወስዳ ጉዳዩ እስኪጣራ በቢሮው ቁጥጥር ሥር እንድትቆይ። በጥሎሽ ስም ለማንም የተሰጠ ንብረት የሙሽራዋ እንደሆነ ሕጉ ይላል ተብያለሁ። በሕግ የእኔ ከሆነች አልነዳትም፤ ተሸጣ ገንዘቡ ለአባቴ ይሰጥ። የመንገዱን ፊት ሱቅ የገዛው ሰው መልሶ ይሽጥ አይሽጥ አላውቅም፤ ቢያንስ ይጠየቅ ዘንድ ገንዘቡ በእጃቸው ይኑር።

ለ/ አባቴ በሰጪነት እንዳይከሰሱ። ሰጥተዋል፤ አልክድም፤ ፎቶግራፉም አለ። ነገር ግን በፈቃዱ የሰጠ ሰው መነጽሩን አውልቆ ዝም አይልም። ይህን አቤቱታ በምስክርነት እንዲፈርሙልኝ ጠይቄያቸው ነበር። "አንቺ ጻፊ፤ እኔን ግን ተዪኝ" አሉኝ። ቃላቸው የግድ ካስፈለገ ወደ ጣቢያ ከመጥራት ይልቅ አንድ ሰው ወደ ሱቃቸው ቢላክላቸው ይሻላል። ዕድሜ ልካቸውን ፖሊስ ጣቢያ ገብተው አያውቁም፤ ገበያው እንዲያያቸው አልፈልግም። የሚላከው ሰው በጠባቧ መንገድ በኩል ይዙር፤ ከመንገድ አይታዩም።

ሐ/ ማርች 3 ቀን ሊፈጸም የታሰበው ጋብቻ ከዚያ በፊት እንዲጣራ። የአፓርታማው ክፍያ አሁንም ካላለቀ እንዲቆም፤ መኪናዋ በማን ገንዘብ እንደተገዛች የሚያሳየው ማስረጃ ለፕራጊያ አባት በቢሮው በኩል እንዲደርሳቸው። ከእኔ አይቀበሉም፤ ማኅተም ካለበት ወረቀት ግን ሊቀበሉ ይችላሉ።

ፕራጊያ አቤቱታ አላቀረበችም፤ ወክዪኝም አላለችኝም። ስለ እሷ የምጽፍበት ሥልጣን የለኝም። ምናልባትም ትጠላኝ ይሆናል። በዚህች ጉዳይ ላይ ግን አንድ ልመና አለኝ፤ ከላይ ያሉትን ሁሉ ባይፈጽሙልኝ እንኳ ይህችን ይፈጽሙልኝ።

ወደ ቻንዳውሲ ሰው ሲልኩ በወላጆቿና በአጎቶቿ ፊት እንዳይጠይቋት። በእነሱ ፊት "ተስማምቼ ነው፤ ደስተኛ ነኝ" ትላለች፤ ሻይም ታቀርባለች። የሚላከው ሰው ሴት ብትሆን ይመረጣል። ሌሎቹ ይውጡና በሩ ይዘጋ። ጥያቄውን ከጠየቀች በኋላ ቶሎ አትነሣ፤ መልሱ ወዲያው አይመጣም። ትጠብቃት።

እኔን በር ዘግቶ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ከአክብሮት ሰላምታዬ ጋር፣

(ፊርማ)
ኩሙድ ቫርሽኔይ